ጠርሙሱ ላይ ያልተጻፈ ስም

ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ ከጋምቤላ ቆላ ወደ ቄለም ወለጋ ደጋ በሚያወጣው ዳገት ላይ የመድፉ ድምፅ ድንገት ጠፋ። ቦርታይ ወደሚባለው ጅረት የጣሊያን መልእክተኞች ወረዱ፤ የመጡትም ተኩስ ይቁም፣ እንነጋገር ለማለት ነበር። ከበላያቸው፣ ያኔ ሳዮ በምትባለው በዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ አለቃቸው ጄኔራል ፒየትሮ ጋዜራ መልሳቸውን ይጠብቃል። በዚያው ዕለት ጋዜራ እጁን ሰጠ። አብረውት ስምንት ሌሎች ጄኔራሎችና 370 ያህል መኮንኖች ተማረኩ።

ማራኪዎቹ ከቤልጂየም ኮንጎ ተነሥተው በመኪና፣ በጀልባና በእግር ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዙ ጥቁር ወታደሮች ናቸው። የሚያዛቸው ኦጉስት ጂሊያር የሚባል ቤልጂየማዊ ጄኔራል ነበር። ስንቃቸውና ጥይታቸው የሚወጣው ደግሞ ከጋምቤላ ነው።

ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር አራት ኪሎ ላይ ሰንደቅ ይሰቀላል፣ አርበኞች ሜዳልያቸውን ደርድረው ይወጣሉ። ሰኔ 26 ግን ከክረምቱ ዝናብ ጋር ዝም ብሎ ያልፋል። የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ተጠባባቂ ገዥ የተማረከበት ቀን መሆኑን የሚያነሣ ብዙ አይገኝም። የአኦስታው መስፍን ግንቦት 11 አምባላጌ ላይ እጁን ከሰጠ በኋላ ያንን ሥልጣን የተረከበው ጋዜራ ነበር።

ታዲያ ይህን ታሪክ በነጭ ወይን ጠጅ በኩል መንገር ምን አመጣው? ነገሩ የሚጀምረው ከጄኔራሉ የትውልድ አገር ነው። (የቆላ ሰው ለፈረንጅ ወይን ምን ቸገረው የሚል አንባቢ ትንሽ ይታገስ።)

ጋዜራ እ.ኤ.አ. በ1879 የተወለደው በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በፒየሞንቴ ክልል፣ ቤኔ ቫጄና በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከተማዋ የኩኔዮ አውራጃ ናት፤ ኩኔዮ ደግሞ የወይን አገር ነው። በዓለም ገበያ ዋጋቸው ጣራ የሚነካው ባሮሎና ባርባሬስኮ፣ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ነብዮሎ ከሚባል ጥቁር ወይን የሚጠመቁ፣ ከዚያው አውራጃ ኮረብታዎች ይወጣሉ። ጋዜራ በተወለደበት ዓመት ጣሊያን ውስጥ ሌላም ነገር ተወለደ ማለት ይቻላል፤ ፊሎክሴራ የምትባለው፣ የወይንን ሥር እየመጠጠች የምታደርቅ ደቃቅ ተባይ ኮሞ ሐይቅ ዳር በሌኮ አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘች። መድኃኒቱ የአገሩን ሐረግ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ሥር ላይ ማዳቀል ነበር። ገበሬው ማሳውን እንደገና ሲተክል ታዲያ ሁሉንም ዘር መልሶ አልተከለም። ብዙ የሚያፈራውንና በደንብ የሚሸጠውን መረጠ፤ ዐመለኛውን ተወ።

ከተተዉት አንዱ አርነይስ ነው።

አርነይስ ከታናሮ ወንዝ ማዶ፣ ሮዔሮ በሚባሉት አሸዋማ ኮረብታዎች ላይ የሚበቅል ነጭ ወይን ነው። ስሙ በአካባቢው ቋንቋ ዐመለኛ፣ አስቸጋሪ ልጅ እንደማለት ነው፤ ቆንጥጠው ያሳደጉት ገበሬዎች ያወጡለት ስም ይመስላል። ፍሬው ትንሽ ነው፤ ሲበስል ኮምጣጣነቱ ቶሎ ይጠፋል፤ ለቀማው አንድ ሁለት ቀን ከዘገየ ጣዕሙ ይሞታል። ያም ሆኖ ገበሬው ጨርሶ አልነቀለውም፤ ሌላ ሥራ አገኘለት። በነብዮሎው ረድፍ መካከል አልፎ አልፎ ተከለው። አርነይስ ቀድሞ ስለሚበስልና ስለሚጣፍጥ ወፉ ሁሉ እሱ ላይ ይሰፍራል፤ ውድ የሆነው ነብዮሎ በሰላም ይበስላል። ከወፍ የተረፈውም ቢሆን ከነብዮሎው ጋር አብሮ ይጨመቃል፤ የቀዩን ወይን ጠጅ ጎምዛዛነት ያለሰልሳል። አንዳንዶች እንዲያውም «ነጩ ባሮሎ» ይሉት ነበር። በራሱ ስም አልተጠራም፤ ወፍ የበላለትም፣ ያለሰለሰውም የሌላው ስም ባለበት ጠርሙስ ተሸጠ።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሮዔሮ የቀረው የአርነይስ ሐረግ በየማሳው የተበታተነ ጥቂት ረድፍ ብቻ ነበር። በ1967 ቪዬቲ የሚባለው የወይን ጠማቂ ቤት ባለሙያ አልፍሬዶ ኩራዶ ይህን ዘር ለብቻው ልጥመቅ ብሎ ተነሣ። ግን ከየት ይገዛል? እንደሚነገረው ከሆነ የሳንቶ ስቴፋኖ ሮዔሮ ደብር ቄስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ እንዲናገሩለት ለመነ፦ አርነይስ ያለው ይምጣ፣ ጥሩ ዋጋ የሚከፍል አለ። የኛም አገር ሰው ፍየል ሲጠፋበት የሚያስነግረው እዚያው ነውና ዘዴው እንግዳ አይሆንበትም። ብሩኖ ጃኮዛ የተባለ ሌላ ዕውቅ ጠማቂም በዚሁ ሥራ ገባ። ሮዔሮ አርነይስ ዛሬ ጣሊያን ለወይን ጠጆቿ የምትሰጠውን ከፍተኛውን ማዕረግ ይዞ፣ በስሙ ተጽፎበት ይሸጣል።

ታሪኩ የአርነይስ ብቻ አይደለም። ጣሊያን በመንግሥት መዝገብ ያሰፈረቻቸው የወይን ዘሮች ከ500 በላይ ናቸው፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ከአንድ ሸለቆ የማይወጡ ነጮች ናቸው። በቶርቶና ኮረብታዎች ቲሞራሶ የተባለውን ነጭ ወይን ዋልተር ማሳ የሚባል ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከመጥፋት አወጣው። ከጋዜራ የትውልድ ከተማ ብዙም በማትርቀው ኖቬሎ መንደር ናሼታ የሚባለው ዘር እስከ 1990ዎቹ ድረስ ተረስቶ ነበር። ከፒየሞንቴ ወጣ ብሎ በማርኬ ክልል ደግሞ ፔኮሪኖ አለ፤ ስሙ ከበግ የመጣ ነው፤ በጎች በግጦሽ መንገዳቸው ላይ እየቆረጠሙት ያልፉ ነበር ይባላል። እሱንም ጊዶ ኮቺ ግሪፎኒ የሚባል ጠማቂ ከተራራ ጥግ ቆርጦ አውርዶ መልሶ ተከለው። ቱሪን አጠገብ ካሉዞ ላይ የሚጠመቀው ኤርባሉቼ ግን ዕድለኛ ነው፤ ከ1606 ጀምሮ ስሙ በጽሑፍ ይታወቃል።

ወደ ጋምቤላ እንመለስ። ዳራው በየመጽሐፉ ስላለ ባጭሩ ይበቃል። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሃሪንግተን ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል አራተኛ አንቀጽ፣ በባሮ ዳር ኢታንግ አቅራቢያ፣ ወንዙን ይዞ ከ2,000 ሜትር የማይረዝም፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ለጦርም ለፖለቲካም እንዳይውል፣ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲቆይ ውሉ ይደነግጋል። ጣቢያው የቆመው ግን ኢታንግ ሳይሆን ጋምቤላ ላይ ሆነ። በየክረምቱ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ ይመጣል፤ ጨውና አቡጀዲ ያራግፋል፤ የሳዮንና የጎሬን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ጭኖ ይመለሳል። ውሃው ሲጎድል ከተማው ያንቀላፋል። ይህን ንግድ አጥንተው የጻፉት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ናቸው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1940 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ስትገጥም ጣቢያውን ያዘች።

ብዙም አላቆየችውም። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. የኮንጎ ወታደሮች አሶሳን ያዙ። በዚያው ወር አጋማሽ ጋምቤላ ከእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች እጅ ገባች፤ ኮንጎዎቹም እሷን መነሻ አድርገው ወደ ሳዮ ዳገት ዞሩ። ጋምቤላ ከባሕር ወለል 526 ሜትር ላይ ናት፤ ሳዮ ከ1,700 ሜትር በላይ። በቀጥታ ቢለካ በሁለቱ መካከል ያለው 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ያን ርቀት ለመጨረስ ግን ከሦስት ወር በላይ ፈጀ።

በሚያዝያ ወር በቦርታይ ጅረት ላይ ከባድ ውጊያ ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ወገን በያለበት ተቀመጠ። ላይኛው በቁጥርም በመሣሪያም ይበልጣል። ታችኛው ይራባል። ባሮ በበጋ ስለሚጎድል ጭነት ጫኝ ጀልባ ጋምቤላ ድረስ አይደርስም፤ በየብስ የሚመጣው ስንቅ ደግሞ ለስሙ ያህል ነበር። የኮንጎው ወታደር ከጥይት በላይ በበሽታና በምግብ እጦት ተጎዳ፤ ቆላው ወባውን አልነፈገውም። በሰኔ ዝናቡ በረታ፤ ባሮ ሞላ፤ ጀልባው መጣ። ተጨማሪ ወታደር፣ መድፍና ስንቅ ጋምቤላ ወደብ ላይ ወረደ። ጂሊያር ሰኔ 26 ጠዋት ማጥቃት ጀመረ፤ ከቀትር በኋላ መልእክተኞቹ ወረዱ።

ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ጋዜራን ማን አሸነፈው?

የቤልጂየም ጸሐፊዎች መልስ ግልጽ ነው፤ እኛ ነን ይላሉ። ለምን እንዲህ እንደሚሉ መገመት አይከብድም። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 በጀርመን እጅ ወድቃ፣ ሠራዊቷ በ18 ቀን ፈርሶ፣ መንግሥቷ ለንደን ተሰድዶ ነበር። ያ መንግሥት እኔም ተዋጊ ነኝ ብሎ የሚያሳየው ድል ያስፈልገው ነበር፤ የቀድሞው የጣሊያን የጦር ሚኒስትር ጋዜራ ከጄኔራሎቹ ጋር መማረኩ ከሰማይ እንደወረደ መና ሆነለት። የእንግሊዞቹ ትረካ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ጋዜራ ቀድሞ አልቆለት ነበር ይላሉ፤ ጅማ ሰኔ 14 ተይዛለች፤ የናይጄሪያ ወታደሮች ዴዴሳን ተሻግረው ከምሥራቅ እየገፉ ነው፤ የሳዮው ነገር የመጨረሻው ፊርማ ብቻ ነው። ከጣሊያን በኩል የሚሰማው ደግሞ ስንቅና ጥይት አለቀ፣ መንገድ ተዘጋ፣ በአርበኛ እጅ ከመውደቅ ለመደበኛ ጦር መገበር ይሻላል የሚል ነው።

ይህ የመጨረሻው ቃል ለኛ ሰው ብዙ ይናገራል። ጅማ ስትያዝ ከእንግሊዝ ጦር ጎን የነበሩት የገረሱ ዱኪ አርበኞች ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ በየጫካው ሲያሳድዳቸው የኖሩት ሰዎች አሁን አሳዳጅ ሆነው ሲመጡበት፣ ጣሊያን ወደ ምዕራብ የሸሸው ከእንግሊዝ ብቻ አልነበረም።

ቀኖቹ በተራ ሲደረደሩ ግን የእንግሊዙ ትረካ አንድ ቀዳዳ ይታይበታል። ጋዜራ ከምሥራቅ ሲገፋ መውጫ ቢኖረው ኖሮ ያ መውጫ ወደ ባሮ ሸለቆ መውረድ ነበር። እዚያ ከመጋቢት ጀምሮ የኮንጎው ወታደር እየተራበ፣ እየታመመ ቆሞ ነበር። ከኋላ የገፋው ሌላ ቢሆንም በሩን ዘግቶ የጠበቀው እሱ ነው፤ የመጨረሻውንም ጥቃት የሰነዘረው እሱ ነው። በሩን ዘግቶ መቆየት የቻለው ደግሞ ባሮ በጊዜው ስለሞላ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ሚዛኑ ወደዚያው ያዘነብላል።

የቤልጂየሙ ትረካም ቢሆን ሙሉ አይደለም። መጽሐፍ ሲጻፍ የሚነሣው የጂሊያር ስም ነው፣ ከሥሩ የነበሩት ነጭ መኮንኖች ናቸው። የወታደሩ ስም በጥቅል «ፎርስ ፑብሊክ» ተብሎ ያልፋል፤ ከቤልጂየሙ ንጉሥ ከሊዮፖልድ ዘመን ጀምሮ ኮንጎን ለመግዛት የተቋቋመው የቅኝ ግዛት ጦር ስም ነው። ጭነት ተሸክሞ ዳገቱን የወጣው ሰው ስም ከዚያም ያነሰ ተጽፏል። ወፉን በራሱ ላይ የሳበው አርነይስ፣ ጠርሙሱ ላይ ግን ነብዮሎ።

ወይኑ እኛ አገርስ? ብዙ ሰው ወይን ጠጅ ከጣሊያን ጋር የገባ ይመስለዋል፤ የጉደር ወይን የሚባለው ስም ከነጣሊያን ሆቴሉ ትዝታ ጋር ስለሚመጣ ይሆናል። ሐረጉ ግን ከዚያ በፊት ነበረ። በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ወይን በንጉሡና በጳጳሱ ቤት እንደሚጠመቅ ጽፏል፤ ጄምስ ብሩስም ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በጣና ምሥራቅ፣ በእንፍራንዝ አቅራቢያ ስለሚጠመቅ ወይን ያወራል። ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን የምታዘጋጀው ከዘቢብ ነው፤ ዘቢቡ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል። የሕዝቡ መጠጥ ግን ምንጊዜም ጠጅና ጠላ ነበር፤ በጋምቤላ ደግሞ የማሽላና የበቆሎው። ዛሬ በጋምቤላ ሆቴሎች የሚቀርበው ነጭ ወይን አዋሽ ክሪስታል ወይም ከዝዋይ የመጣ ሪፍት ቫሊ ሊሆን ይችላል። ዝዋይ ላይ የፈረንሳዩ ካስቴል የተከለው ነጭ ወይን ሻርዶኔ ነው፤ ከቡርጎኝ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰ ዘር። የሮዔሮ ገበሬ አርነይስን እንዲተው ያስገደደው እንዲህ ያለው፣ የትም ተተክሎ የትም የሚሸጥ ዘር ነው ለማለት ያስደፍራል።

ጋዜራ ከምርኮ ተመልሶ በአገሩ የጦር ምርኮኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽነር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1953 ያረፈው ከቱሪን በስተሰሜን ቺሪዬ ላይ ነው፤ የኤርባሉቼዋ ካሉዞ ከዚያ ሩቅ አይደለችም። በጎንደር ተተኪው የነበረው ጄኔራል ናዚ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ የጣሊያን ጦርነት በኢትዮጵያ አበቃ። የጋምቤላ ጣቢያም ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ስትወጣ በውሉ መሠረት ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ ወደብነቱ እየቀነሰ ሄደ። ያንን ውጊያ የሚያስታውስ ስም የሚፈልግ ሰው ታዲያ ጋምቤላ ውስጥ ብዙ ደክሞ ጥቂት ያገኛል።

ስሙ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ኪንሻሳ ውስጥ አሶሳ የሚባል ጎዳና አለ፤ ሳዮ የሚባልም አለ። በካሳ ቩቡ ኮሚዩን ደግሞ ነጋዴው ሁሉ የሚያውቀው ትልቅ ገበያ አለ፤ ዓሣ፣ ካሳቫና ልብስ ይሸጥበታል። የዚያ ገበያ ስም ጋምቤላ ነው።